ሳን ሳልቫሪዮን በቀን እወቁት፣ ማታ አምሹበት፦ ከሀዋሳ ወደ ቱሪን ለምትሄዱ

ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። ከሀዋሳ ወደ ጣሊያኗ ቱሪን የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ወይ ፖሊቴክኒኩ ተቀብሏቸዋል፣ ወይ ዩኒቨርሲቲው። ስለ ቪዛ ይጠይቃሉ፣ ስለ ቤት ኪራይ ይጠይቃሉ፣ ስለ ብርዱ ይጠይቃሉ። ሊሰናበቱኝ ሲሉ ደግሞ ቀስ ብለው «እሺ፣ ማታ ማታስ የት ነው የሚኬደው?» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ከአንዷ ጋር አሞራ ገደል ቁጭ ብለን፣ የቀረበልን የዓሣ ለብለብ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይሄንኑ ሳወራት ቆየሁ። እቤት ስገባ፣ በየዓመቱ በቃል ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈውና ለሁላችሁም ይድረስ አልኩ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሰፈር ብቻ ነው። ሳን ሳልቫሪዮ ይባላል። ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ከሥሩ መጠጥ ቤት ያለበት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሁለት ደባሎቼ ጋር። ስለዚህ ሰፈሩን ከላይም ከታችም አውቀዋለሁ። ታች ብርጭቆ ይዤ ቆሜ አምሽቻለሁ፤ ላይ ደግሞ በማግስቱ ፈተና ኖሮብኝ በጩኸቱ ሳልተኛ አድሬያለሁ። የምነግራችሁም ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ብዙ ተማሪ ሳን ሳልቫሪዮን የሚያውቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው። እናንተ እንደዚያ አታድርጉ። ከሰፈሩ ጋር በቀን ተዋወቁ፣ ማታውን ከዚያ በኋላ ድረሱበት።

ሰፈሩ የት ነው?

ቱሪን ሰሜን ጣሊያን፣ ፒየሞንቴ ክልል ውስጥ ናት። ራሳቸው ቶሪኖ ይሏታል። ጣሊያን አንድ አገር ስትሆን የመጀመሪያ ዋና ከተማዋ እሷ ነበረች፣ ከ1861 እስከ 1865 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፊያትም የተመሠረተው እዚያው ነው፣ በ1899።

ትልቁ የባቡር ጣቢያ ፖርታ ኑዎቫ ይባላል። በቪያ ኒዛ በኩል ባለው የጎን በር ብትወጡ ሳን ሳልቫሪዮ ከፊታችሁ ነው። ሰፈሩ በጣቢያውና በፖ ወንዝ መካከል ነው ያለው። ወንዙ ዳር ቫለንቲኖ የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። መንገዶቹ እንደ ሀዋሳ መንገዶች ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ስለዚህ አትጠፉም። ከጣቢያው ተነስታችሁ እስከ መናፈሻው በእግር 15 ደቂቃ ቢፈጅባችሁ ነው።

የባቡር ጣቢያ ሰፈር የትም አገር አንድ ዓይነት ታሪክ አለው። ከባቡር የወረደ እንግዳ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከደቡብ ጣሊያን ለፋብሪካ ሥራ የመጣው ሰው ከገባባቸው ሰፈሮች አንዱ ሳን ሳልቫሪዮ ነው፤ እነሱን ተከትለው ከሞሮኮ፣ ከናይጄሪያ፣ ከሴኔጋል የመጡት ገቡ። በ1990ዎቹ ስሙ በጣም ጠፋ። ጋዜጣው ስለ ሰፈሩ ሲያነሳ ስለ ዕፅና ስለ ዘረፋ ነበር የሚጽፈው፤ የኪራዩ ዋጋም ወረደ። መልሰው ያነሱት ነዋሪዎች ናቸው። ማኅበራት ተቋቋሙ፣ ከከተማው ጋር ተነጋገሩ፣ ሕንፃ ታደሰ። ከዚያ ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ ሠዓሊው፣ ተማሪው፣ ትንሽ ባር የሚከፍተው ወጣት ሁሉ መጣ። ዛሬ የምታዩት ግርግር ከዚያ በኋላ የሆነ ነው።

ይሄን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቪያ ሞርጋሪ ወደሚገኘው ካዛ ዴል ኳርቲየሬ ሂዱ፤ «የሰፈሩ ቤት» ማለት ነው። ድሮ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነበር። ታድሶ በ2010 የነዋሪው መገናኛ ሆኖ ተከፈተ። ግቢ አለው፣ ካፌ አለው፣ ቋንቋ የሚማርበት ቦታ አለው፣ ሕፃን ይዞ የሚመጣ አለ፣ ቼዝ የሚጫወት ሽማግሌ አለ። አዲስ ገብ ከሆናችሁና ሰው የማታውቁ ከሆነ፣ ከየትኛውም ባር በፊት እዚህ ግቡ። ጣሊያንኛዬ የተፈታው እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጀምሩ

ፒያሳ ማዳማ ክሪስቲና የሰፈሩ ገበያ ነው። ጣራ ያለው፣ ድንኳን የተደረደረበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ድረሱ። መስከረም ላይ ከገባችሁ የካርማኞላ በርበሬ ታገኛላችሁ፤ ካርማኞላ ከቱሪን በስተደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በርበሬው ቢጫና ቀይ ነው፣ አንዱ ፍሬ የሰው ጡጫ ያክላል፣ ጨርሶ አያቃጥልም። ሻጮቹ መነካካት አይወዱም። እንደ እኛ ገበያ አንስቶ እያገላበጡ መምረጥ የለም። በጣታችሁ አሳዩ፣ እነሱ ይመርጡላችኋል።

ከገበያው በኋላ ቡና። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ልጆች መጀመሪያ የሚቸገሩት እዚህ ነው።

በጣሊያን ባር ማለት መጀመሪያ የቡና ቤት ነው። ሰው ጠዋት ገብቶ ቡናውን ቆሞ ይጠጣል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይወጣል። የሚቆምበት ቦታ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ፤ ባንኮኒ ነው። ቃሉን ከእነሱ ነው የወሰድነው። ፒያሳም የእነሱ ነው፣ ማኪያቶም፣ ቢራም፣ ፋብሪካም፣ ፍሬንም፣ ካቻቪቴም። ሳታውቁት ብዙ ጣሊያንኛ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ስትጠጡ ኤስፕሬሶ ከ1 ዩሮ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ብዙ ቦታ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ግን ዋጋው ይጨምራል። ይሄ ማታለል አይደለም፣ አሠራራቸው ነው። ዋጋው በሁለት ዓምድ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ታዩታላችሁ።

«ኡን ካፌ» ካላችሁ ኤስፕሬሶ ይመጣል። «ማኪያቶ» ካላችሁ ደግሞ የሀዋሳውን ማኪያቶ እንዳትጠብቁ። በትንሽ ስኒ፣ ጠብታ ወተት የነካችው ኤስፕሬሶ ነው የሚመጣው፤ የእኛን የሚመስለው ካፑቺኖ ነው። «ላቴ» ብቻ ካላችሁ ደግሞ ቡና የሌለበት አንድ ብርጭቆ ወተት ይሰጧችኋል። ካፑቺኖ የጠዋት ነው፣ ከምሳ በኋላ ብትጠይቁ ይሰጧችኋል ግን ይገረማሉ።

አንድ ነገር ግን እወቁ። የኤስፕሬሶ ማሽን ታሪክ የሚጀምረው እዚሁ ነው። አንጀሎ ሞሪዮንዶ የሚባል የቱሪን ሰው በእንፋሎት ቡና የሚያፈላ ማሽን በ1884 አስመዘገበ፤ ያቀረበበት ትልቅ ኤግዚቢሽን የተካሄደውም ቫለንቲኖ መናፈሻ ውስጥ ነው፣ ከሳን ሳልቫሪዮ መንገድ ተሻግሮ። ሀዋሳ ካፌ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ያ ማሽን «ሽሽሽ» ሲል በሰማሁ ቁጥር ያ መናፈሻ ትዝ ይለኛል። ደህና ቡና የሚሸጡ ቤቶች ሰሌዳ ላይ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ብታዩ ደግሞ አትደነቁ። አገራችን ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ለቡና ቀጂው የመጣሁት ከዚያ ነው ብዬ ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስገባ በስሜ ነበር የሚጠራኝ።

ከቡና በኋላ ዝም ብላችሁ ዙሩ። አራት ማማ ያለው፣ ጉልላቱ የምሥራቅ አገር የሚመስል ትልቅ ሕንፃ ታያላችሁ፤ በ1884 የተሠራ ምኩራብ ነው። ኮርሶ ቪቶሪዮ ላይ ደግሞ የቫልዴዞች፣ ማለትም የጥንቶቹ ፕሮቴስታንቶች፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከ1853 ጀምሮ። ላርጎ ሳሉጾ ላይ የካቶሊኮቹ የቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሙስሊሞች መስገጃም በቅርብ አለ። ይሄ ሁሉ በእግር ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ላርጎ ሳሉጾን በደንብ ልብ በሉት፣ ማታ የምትመለሱት እዚያ ነው። ቀና ብላችሁ መስኮቶቹን እዩ። ልብስ የተሰጣበት አለ፣ አበባ የተተከለበት አለ። ሰው ይኖርበታል።

የምሽቱ ሰዓት

ምሽቱ በሰዓት ነው የሚሄደው። ይሄን ካላወቃችሁ ተርባችሁ ታድራላችሁ። እኔና ደባሎቼ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ርቦን ወጣን። አራት ሬስቶራንት አንኳኳን፣ አራቱም ወጥ ቤቱ ዝግ ነው አሉን። ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልቃል፣ እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት አይጀምርም። በመካከሉ ቁራሽ ፒዛ ካልሆነ በቀር ምግብ ብሎ ነገር የለም። ማታ ደግሞ ከ4 ሰዓት ተኩል ካለፈ ብዙው ወጥ ቤት እሳቱን ያጠፋል። ቀጠሮ ስትይዙም ተጠንቀቁ። እነሱ «20» ሲሉ የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው። አንዱ ጓደኛችን በእኛ ሰዓትና በእነሱ መካከል ተምታቶበት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ፤ ጠረጴዛው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

ምሽቱን በእግር ጉዞ ጀምሩት። እነሱ «ፓሴጃታ» ይሉታል። እኛ ከገብርኤል ተነስተን በሰፊው መንገድ እስከ ፍቅር ሐይቅ ወክ እንደምናደርገው ማለት ነው። ለውጡ ሐይቁ ወንዝ መሆኑ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቫለንቲኖ ግቡ፣ ወንዙን ተከትላችሁ ሂዱ፣ ቤተ መንግሥቱን እዩ፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የፖሊቴክኒኩ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ይማሩበታል። ከጨለመ በኋላ ግን መናፈሻው ውስጥ አትቆዩ፣ በተለይ ብቻችሁን።

ከዚያ አፔሪቲቮ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት አካባቢ ያለው ነው። አንድ መጠጥ ታዛላችሁ፣ ከመጠጡ ጋር የሚበላ ነገር ይመጣል። አንዳንዱ ቦታ ወይራና ድንች ጥብስ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ሳህን ሙሉ ነው፤ በዛ ሲል «አፔሪቼና» ይሉታል፣ አፔሪቲቮና እራት ተደባልቆ ማለት ነው። 10 ዩሮ አካባቢ ያዙ። ለተማሪ ኪስ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሚበላውን ራሳችሁ የምታነሱበት ቤት ከሆነ ትንሽ ሳህን አንሱ፣ ትንሽ ትንሽ ቅመሱ። ሳህን ቆልሎ መመላለስ በጣም ነውር ነው፤ ሦስት ሆኖ አንድ መጠጥ ማዘዝም እንዲሁ።

ምን ልጠጣ ካላችሁ፣ ቱሪን ገብቶ ቬርሙት ሳይቀምሱ መውጣት አይሆንም። አንቶኒዮ ቤኔዴቶ ካርፓኖ የሚባል ሰው በ1786 እዚያው ቱሪን መሸጥ የጀመረው ነው። የወይን ጠጅ ነው፣ በመራራ ቅጠላ ቅጠልና ቅመም የተቀመመ። ስሙ ራሱ ከአሪቲ ዘመድ ከሆነ መራራ ተክል የጀርመንኛ መጠሪያ የመጣ ነው። ጠጅ ከጌሾ ጋር ያደገ ምላስ ቶሎ ይለምደዋል፣ ጣፋጭ ሆኖ መጨረሻው ላይ መረር ይላል። በበረዶና በብርቱካን ልጣጭ ጠይቁት። አልኮል የማትጠጡ ከሆነ «አናልኮሊኮ» በሉ። ክሮዲኖ አለ፣ ኪኖቶ አለ፤ ሁለቱም በሚያምር ብርጭቆ ነው የሚቀርቡት፣ ማንም ለምን አትጠጡም ብሎ አያስጨንቃችሁም።

ስለ ሒሳብ አንድ ነገር። እኛ አገር «በሞቴ እኔ ልክፈል» ብለን እንታገላለን። እዚያ ወይ እያንዳንዱ የራሱን ይከፍላል፣ ወይ እኩል ይካፈላሉ፤ «አላ ሮማና» ይሉታል። መጀመሪያ ቅር ይላል፣ በተለይ አብሯችሁ ያለው ሰው 3 ዩሮውን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ። ንፉግነት አይደለም። በተማሪ ኪስ ሁሌ እናንተ እየከፈላችሁ ወሩን አትዘልቁትም።

ሳትበሉ በፊት የምትጠይቋቸው ቃላት

ይሄ ለአብዛኞቻችሁ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋችኋል። የአፔሪቲቮ ሳህን ላይ የአሳማ ሥጋ በብዛት አለ። ፕሮሹቶ፣ ሳላሜ፣ ሞርታዴላ፣ ፓንቼታ፣ ስፔክ፣ ላርዶ፤ በተለምዶ ሁሉም አሳማ ነው። አሳማ «ማያሌ» ነው። «ሴንሳ ማያሌ» በሉ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው። አያፍሩባችሁም፣ አይቆጡም፣ ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ሙስሊም ስላለ ጥያቄውን ያውቁታል።

ጾም ከሆነ «ቬጋኖ» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም እንደሌለ በአንድ ቃል ይገባቸዋል። ደረቁ ፓስታ በቲማቲም ብዙ ጊዜ የጾም ነው፣ ላዩ ላይ አይብ እንዳይነሰንሱበት ግን አስቀድማችሁ ንገሩ። የክልሉ ቀጭን ፓስታ፣ ታያሪን የሚባለው፣ በእንቁላል አስኳል የተቦካ ነው፤ እሱን ለፍስክ አቆዩት።

የረቡዕና የዓርብ ወዳጄ ፋሪናታ ነበር። ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውኃ፣ ከወይራ ዘይትና ከጨው ብቻ የሚሠራ ነው። አመጣጡ ከጄኖቫ በኩል ነው፣ ቱሪን ውስጥ ግን የድሮዎቹ ፒዛ ቤቶች ይሠሩታል። በትልቅ ክብ መጥበሻ ስስ ተደርጎ ይፈስና ኃይለኛ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ይሰባበራል፣ መካከሉ ለስላሳ ነው። ሰውየው በሰፊ ቢላ ቆራርጦ በወረቀት ያስቀምጥላችኋል፣ ቁንዶ በርበሬ ከላይ ትፈጩበታላችሁ፣ ጣታችሁን እያቃጠላችሁ ትበላላችሁ። ቡጢጫ የሚወድ ሰው ጣዕሙን ወዲያው ያውቀዋል። እዚያው ፒዛ ቤት ፒዛም «አል ቴጋሚኖ» ይባላል፤ በትንሽ መጥበሻ የሚጋገር፣ ወፈር ያለ፣ የቱሪን የራሷ ነው።

ለፍስክ ደግሞ ጥሬ ሥጋ አለ። አዎ፣ ጥሬ ሥጋ። ብዙ ሰው ፈረንጅ ጥሬ ሥጋ አይበላም ብሎ ነው የሚሄደው። ፒየሞንቴ ግን ፋሶና የሚባል የራሱ የከብት ዝርያ አለው፣ ሥጋው ቀይ፣ ስቡ ትንሽ። በቢላ በእጅ ይከተፋል፤ «ካርኔ ክሩዳ» ወይም «ባቱታ» ብለው ይጽፉታል። መጀመሪያ የቀረበልኝን አልረሳውም። ነጭ ሳህን ላይ ክብ ተደርጎ፣ ላዩ ላይ የወይራ ዘይት ወዝ ብሎ፣ ጨውና ጥቂት ሎሚ ብቻ። ቅቤ የለም፣ ኮረሪማ የለም፣ ሚጥሚጣ የለም። ቀዝቃዛ ነው እንጂ ለብ አይደረግም። አንድ ደባሌ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ አወጣ። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ሁለት ጉርሻ እንዳለ ቅመሱት። የሥጋው የራሱ ጣፋጭነት የሚታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ ሚጥሚጣችሁን ብትነሰንሱበት ማንም አይከለክላችሁም።

ቪቴሎ ቶናቶም አለ፤ ቀዝቃዛ ስስ የጥጃ ሥጋ በቱና ስጎ። ሲሰሙት አይጥምም፣ ሲቀምሱት ይጥማል። አኞሎቲ ዴል ፕሊን የሚባለው በጣት ቆንጠጥ እየተደረገ የሚዘጋ ትንሽ ፓስታ ግን ሆዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማና የጥንቸል ሥጋ ይገባበታል። ሳትጠይቁ አታዝዙት።

ከጥቅምት በኋላ ብርዱ ሲገባ ባኛ ካውዳ ይመጣል፤ «ትኩስ ማጥቀሻ» እንደማለት ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው የበላ ትንንሽ ዓሣና የወይራ ዘይት ቀስ ብሎ በስሎ፣ ከሥሩ ሻማ በሚነድበት የሸክላ ዕቃ ይቀርባል። ዙሪያውን ጥሬና የተቀቀለ አትክልት ይደረደራል፣ እያነሱ ማጥቀስ ነው። ቸኩሎ የሚበላ የለም። ከፈረንጅ ምግብ እንደ እኛ ገበታ የሆነልኝ ይሄ ነው፤ ዕቃው መካከል ላይ፣ ሰው ዙሪያውን፣ ወሬው ረጅም። ነጭ ሽንኩርቱ ሁለት ቀን አብሯችሁ ይከርማል፣ ስለዚህ በማግስቱ ቀጠሮ አትያዙ።

ሒሳብ ሲመጣ «ኮፔርቶ» የሚል መስመር ታያላችሁ፣ ለአንድ ሰው 2 ዩሮ አካባቢ። የዳቦና የመቀመጫ ነው፣ ስህተት አይደለም። ጉርሻ ግዴታ የለም። ውኃ ስታዝዙ የታሸገ ነው የሚያመጡት፣ ያስከፍላል። መንገድ ላይ ግን አረንጓዴ፣ የኮርማ ራስ ያላቸው የውኃ ቧንቧዎች አሉ፤ «ቶሬት» ይባላሉ። ኮርማው የከተማዋ ምልክት ነው። ውኃው ንጹሕ ነው፣ ነፃ ነው፣ ኮዳችሁን ሙሉበት።

ከ4 ሰዓት በኋላ

አሁን ላርጎ ሳሉጾ ተመለሱ። ቀን ያያችሁት ጸጥተኛ አደባባይ ሰው በሰው ሆኗል። ቪያ ባሬቲ፣ ቪያ ሳሉጾ፣ ቪያ ቤርቶሌ፣ ሁሉም መንገድ ላይ ሰው ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ያወራል። ሀዋሳ ማምሸት ስንል ሙዚቃው ከፍ ያለበት ቤት ገብተን ቁጭ ማለት ነው። እዚያ ቤቱ ትንሽ ነው፣ ሰው ውጪ ነው፣ ዋናው ነገር ወሬ ነው። ስለዚህ የት ልግባ ብላችሁ አትጨነቁ። አንድ ብርጭቆ ያዙ፣ ቁሙ፣ አጠገባችሁ ላለው ሰው «ቻው» በሉ። ጣሊያን ወሬ አይጠላም።

ይሄን የምሽት ግርግር «ሞቪዳ» ይሉታል፣ ነዋሪው ቃሉን ሲጠራው ግን በምሬት ነው። ነዋሪዎቹ በጩኸቱ ምክንያት ከተማውን ፍርድ ቤት እስከ መክሰስ ደርሰዋል። እኔ አልፈርድባቸውም። ሰኔ ላይ ቱሪን ይሞቃል፣ መስኮት ካልተከፈተ አይተኛም፣ መስኮት ከተከፈተ ደግሞ 200 ሰው አልጋችሁ አጠገብ ቆሞ የሚስቅ ይመስላችኋል። ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው። አንድ እሑድ ጠዋት ስወርድ በነጠላ ጫማ በራፉ ላይ አጎንብሰው የተሰበረ ጠርሙስ ሲጠርጉ አገኘኋቸው። መጥረጊያውን ተቀበልኳቸው። «ይሄ ሰፈር ማንም ሊገባበት በሚፈራበት ጊዜ እኛ አልለቀቅንም ነበር» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ከመስኮት ሥር ቆሜ ጮክ ብዬ አልሳቅኩም።

ስለዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ድምፃችሁን ቀንሱ፣ ከሰው በራፍ ላይ አትቀመጡ፣ ብርጭቆውን ለወሰዳችሁበት ቤት መልሱ። በሌሊት መጠጥ በጠርሙስ ይዞ መንገድ ላይ መውጣትን የሚከለክል ደንብ ከተማው በየጊዜው ያወጣል፣ ቅጣቱ ለተማሪ ከባድ ነው።

ጣቢያው አካባቢና ቪያ ኒዛ ላይ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ የሆነ ዕቃ ልሽጥላችሁ የሚል ሊመጣ ይችላል። «ኖ ግራሲዬ» ብላችሁ ሳትቆሙ እለፉ። የመኖሪያ ፈቃዳችሁን፣ ፔርሜሶ የሚሉትን፣ ሁሌ ያዙ። ፖሊስ መንገድ ላይ ያስቆማል፣ የእኛ መልክ ያለውን ደግሞ ቶሎ ያስቆማል። ያናድዳል፣ ግን ወረቀቱ በእጃችሁ ካለ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

መመለሻችሁን ከመውጣታችሁ በፊት አስቡ። ሜትሮው ሾፌር የሌለው ነው፣ በ2006 የተከፈተ፤ ሰፈሩ ውስጥ ማርኮኒና ኒዛ የሚባሉ ጣቢያዎች አሉት። በሥራ ቀን ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ዓርብና ቅዳሜ ይቆያል። የዕለቱን የመጨረሻ ባቡር ሰዓት በስልካችሁ እዩ። ትኬት ገዝቶ ማሽኑ ላይ አለማሳለፍ ያስቀጣል፣ «አላወቅኩም» አይሠራም። ነሐሴ ላይ ግን ብዙ ቤት ተዘግቶ ባለቤቱ ዕረፍት ይወጣል፣ ያኔ ሰፈሩ ባዶ ቢሆንባችሁ አትገረሙ።

አሞራ ገደል ያገኘኋት ልጅ ልንለያይ ስንል ሻንጣዋ ውስጥ ምን ጨምራ ብትሄድ እንደሚጠቅማት ጠየቀችኝ። ጀበና ያዢ አልኳት፣ በልብስ ጠቅልለሽ። አንድ ኪሎ የተቆላ የሲዳማ ቡናም። በሁለተኛው ዓመት እኛ እሑድ እሑድ የሕንፃችን ውስጠኛ ግቢ ውስጥ ቡና እናፈላ ነበር። ሽታው ደረጃውን ይወጣል፣ መስኮቱ አንድ በአንድ ይከፈታል። የሦስተኛ ፎቋ እናት የራሳቸውን ወንበር ይዘው ነበር የሚወርዱት፣ እስከ በረካው ድረስም አይነሱም። ስኒ ግን አትሸከሚ አልኳት፤ ይሰበራል፣ ደግሞም የኤስፕሬሶ ስኒ ከእኛ ስኒ ጋር ልኩ ያው ነው፣ ቅዳሜ ገበያው ላይ ስድስቱን በትንሽ ዋጋ ታገኛለሽ።